የብልት ሄርፒስ አለብኝ፣ ለእጮኛዬ ልንገራት ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን ነኝ። የብልት ሄርፒስ እንዳለብኝ በምርመራ ካወቅኩ ቆየሁ፣ አልፎ አልፎ ቁስሉ ይነሳብኛል። ከፋሲካ በኋላ በቁርባን ልንጋባ ነው፣ እጮኛዬ ግን አታውቅም። ለቁልቢ ገብርኤል ተስያለሁ፣ መድኃኒት መውሰዴ እምነት ማጉደል ይሆንብኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ንገራት፣ የሠርግ ካርድ ሳይበተን። መታመምህ ኃጢአት አይደለም፣ ንስሐ ከገባህ እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው። አውቀህ ዝም ብለህ እሷን ብታስይዛት ግን እሱ ነው ኃጢአቱ። ሥጋ ወደሙ ተቀብላችሁ አንድ አካል ልትሆኑ እኮ ነው! መንገሩ ከከበደህ ነፍስ አባታችሁ ባሉበት ይሁን፣ ከዛ ሐኪም ጋር አብራችሁ ሂዱ እሷም ስለ ምርመራ ትጠይቅ፣ ምክንያቱም የሄርፒስ ቫይረስ ኖሮበት ምልክት ስለማያይ የማያውቀው ሰው ብዙ ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ ሲራክ 38 ላይ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር ፈጠረ፣ ብልህ ሰውም አይንቀውም ይላል። አቡነ ጳውሎስም የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ይወሰዳሉ ብለው አስተምረዋል። ስለዚህ ሐምሌ 19ም ይሁን ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ውጣ፣ ስለትህን አድርስ፣ ክኒንህን ግን ኪስህ ይዘህ ውጣ። ጠበል ገባሁ ብሎ ክኒን የሚጥል ልጅ ያሳዝነኛል።

ክኒኑ ቫይረሱን ጨርሶ አያጠፋውም፣ ግን ቫላሳይክሎቪር የሚባለውን የሄርፒስ ክኒን በየቀኑ መውሰድ ወደ ትዳር ጓደኛ የመተላለፍ ዕድሉን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል፣ ላንተ የሚሆነውን ሐኪምህ ይዘዝልህ። ኮንዶምም ይቀንሳል፣ የማይሸፍነው ቆዳ ስላለ ግን ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ በትዳር ውስጥ ስለመጠቀሙ ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ፣ እኔ ግን ሚስትን ከበሽታ መጠበቅ ፍቅር ነው ባይ ነኝ። ዋናው፣ ቁስሉ ገና ሳይወጣ ቦታው ማሳከክ ማቃጠል ሲጀምርህ ጀምሮ ቆዳው ጨርሶ እስኪድን ድረስ ግንኙነት ይቅር፣ በኮንዶምም ቢሆን። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ባልና ሚስት ተስማምተው ለጊዜው ይለያዩ ያለው ለጸሎት ነው፣ እናንተም እነዛን ቀናት በስምምነት ለጸሎት አድርጓቸው። ምልክት በሌለበት ቀንም ሊተላለፍ ስለሚችል ነው ሳትነግራት አይሆንም የምልህ፣ ሳታውቅ እንዴት ትስማማ?

ደግሞ ልጅ ስታስቡ፣ እናት በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ለሚወለደው ሕፃን በጣም አደገኛ ነው፣ ስለዚህ የእርግዝና ክትትል ስትጀምር ያንተን ሁኔታ ለሐኪሟ አብራችሁ ንገሩ።