ለወጣት ተመራማሪዎች፦ ሰዓቱን ከነአቆጣጠሩ ጻፉት

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

በወሊድ ጊዜ ታፍነው አንጎላቸው ስለሚጎዳ ጨቅላ ሕፃናት ከሌሎች ሆስፒታሎችና ከውጭ አገር ባለሙያዎች ጋር ጥናት ልትጀምሩ መሆኑን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ዕድሜዬን በደሴ በሕፃናት ሕክምና ያሳለፍኩ እንደመሆኔ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ልታውቁት ይገባል የምለውን ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

አየር ያጣ አንጎል በአንድ ጊዜ ተጎድቶ አያበቃም። ሕፃኑ ታግዞ መተንፈስ ሲጀምር የአንጎሉ ሴሎች ለጥቂት ሰዓታት ያገገሙ ይመስላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ኃይል የማመንጨት አቅማቸው እንደገና ይወድቃል፣ ማንቀጥቀጡም ይከተላል። የሕፃኑን የሰውነት ሙቀት ወደ 33.5 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ለ72 ሰዓት የማቆየት ሕክምና በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት የሚባለው በዚህ የመሀል ጊዜ ለመጠቀም ነው። ስለዚህ በመጠይቁ ላይ ከሚሞላው ሁሉ የሚበልጠው የተወለደበት ሰዓት ነው።

እኛ በመጀመሪያው የጋራ ጥናታችን ያበላሸነው ይህንኑ ነበር። ከአንድ ጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎለት የመጣ ሕፃን ወረቀቱ ላይ የተወለደበት ሰዓት «8፡00» ይላል፤ ሆስፒታል የደረሰበት ደግሞ «16፡30» ተብሎ ተመዝግቧል። መረጃውን ወደ ኮምፒውተር ያስገባው ባልደረባችን ልዩነቱን 8 ሰዓት ተኩል ብሎ ሞላው፤ ሕፃኑም ዘግይተው ከደረሱት ተርታ ተመደበ። አዋላጅ ነርሷ ግን የጻፈችው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓትን ነበር፤ የሆስፒታሉ በፈረንጅ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በ2 ሰዓት ተኩል ደርሶ ነበር ማለት ነው። የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት 6 ሰዓት፣ ሕክምናውን ለመጀመር የሚፈቀደውም ጊዜ 6 ሰዓት መሆኑን ልብ በሉልኝ። ስሕተቱን ያወቀችው ራሷ አዋላጇ ናት፤ ያገኘናትም ሥራው አልቆ ውጤቱን ለጤና ጣቢያው ሠራተኞች ልንነግራቸው ስንሄድ ነው። ወረቀቱን አየት አድርጋ «ይኼማ ከምሳ ስመለስ የተወለደው ነው» አለችን። ስንቶቹ እንደዚያ እንደተመደቡ መለየት ስላልቻልን ያን ክፍል በሙሉ ከጥናቱ አወጣነው። ስለነዚያ እናቶች ድካም እስከ ዛሬ አዝናለሁ። መጠይቁ ሲረቀቅ አዋላጇ ከጎናችሁ ትቀመጥ፤ ስሟም ከአጥኚዎቹ ጋር ይጻፍ።

ከውጭ አገር ባልደረቦቻችሁ ጋር ስትሠሩ ጥናቱ የሚመልሰውን ጥያቄ ራሳችሁ ጠይቁ። የማቀዝቀዝ ሕክምና እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሀብታም አገሮች በታተሙ ጥናቶች ጠቃሚነቱ ታይቷል። በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ 408 ሕፃናትን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ግን ከቀዘቀዙት 42 በመቶ፣ ካልቀዘቀዙት 31 በመቶ መሞታቸውን አሳየ። የሌላውን አገር መድኃኒት ሳይመረምሩ መቀበል ምን ሊያስከፍል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት በአምቡላንስ ሲመጣ በብርድ የቀዘቀዘ ሕፃን «ሕክምናው ተጀምሮለታል» ሲባልም ሰምቻለሁ፤ ይህ አደገኛ አነጋገር ነው። ቴርሞሜትር የማይከታተለው ብርድ ሕፃን ይገድላል።

ቃሉም አንድ ይሁን። ካርድ ላይ «ታፍኖ የተወለደ» የሚለውን አንዱ ሐኪም ዘግይቶ ላለቀሰ ሁሉ ይጽፈዋል፣ ሌላው የአፕጋር ነጥቡ (እንደተወለደ ትንፋሹና የልብ ምቱ፣ ቀለሙና እንቅስቃሴው ታይቶ የሚሰጠው ነጥብ) ዝቅ ላለው ብቻ፤ አንጎሉ መጎዳቱን ግን ከሁለቱም በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። ንቃቱን፣ የጡንቻውን ጥንካሬ፣ አጠባቡን፣ ማንቀጥቀጡን ሁላችሁም በአንድ ዓይነት ነጥብ አሰጣጥ መርምሩ፤ ጥናቱ ሳይጀመርም አንዱን ሕፃን ለየብቻ መርምራችሁ ነጥባችሁን አስተያዩ።

በመጨረሻ የክትትሉን ነገር አደራ እላችኋለሁ። የጉዳቱ ልክ በደንብ የሚታወቀው ልጁ 18 ወር ገደማ ሲሆነው ነው፤ ካርዱ ላይ ግን የተጻፈው «የእገሊት ልጅ» ተብሎ ነው። ልጁ በ7ኛ ቀኑ ወይም ክርስትና ሲነሣ ስም ይወጣለትና፣ እናቱ ከዓመት ተኩል በኋላ በዚያ ስም ይዛው ስትመጣ ካርድ ክፍሉ «የለም» ብሎ ይመልሳታል። ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው ወር ለእናቲቱ ደውላችሁ ስሙ ማን እንደተባለ ጠይቋት፤ የጎረቤት ወይም የአያቱን ስልክም ጨምራችሁ ያዙ።