ኮንቴይነሩን ተዉትና መጀመሪያ ደውሉላቸው

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ጓደኛሞች አዲስ አበባ ላለ የሕፃናት ማሳደጊያ ልብስና መጫወቻ ሰብስባችሁ በኮንቴይነር ልትልኩ፣ ጎፈንድሚም (የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ) ልትከፍቱ አስባችኋል፤ ከየት እንጀምር ነው ያልሽው። እኛም እዚሁ ሆነን አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ቤት ስንደግፍ ዓመታት አልፈዋል፤ ያየሁትን ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ኮንቴይነሩን ተዉት። ያገለገለ ልብስ ጉምሩክ ላይ ጣጣው ብዙ ነው። የማውቃቸው ሰዎች የላኩት ተይዞ ቆይቶ የመጋዘኑ ክፍያ ከዕቃው ዋጋ በልጧል። ደግሞ ልብስ እዚያም አይጠፋም። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለልጁ ልደት ብሎ ልብስና ዳቦ ይዞ የሚሄደው የአዲስ አበባ ሰው ብዙ ነው። ክረምት ሲገባና በዓል ሲርቅ ግን ማንም በሩን አያንኳኳም።

ስለዚህ መጀመሪያ ለማሳደጊያው ሰዎች ደውሉላቸው። ስትደውሉ ግን «ምን እንላክላችሁ?» አትበሉ፤ በይሉኝታ «እግዜር የፈቀደላችሁን» ነው የሚሏችሁ። «ባለፈው ወር መክፈል ያቃታችሁ ምን ነበር?» በሏቸው። ያኔ እውነቱ ይወጣል፦ የቤት ኪራይ፣ የዱቄት ወተት፣ ዳይፐር፣ የሕክምና ወጪ፣ የሞግዚቶች ደመወዝ።

ደመወዝ ላይ ልቆይ። ሰው ለደመወዝ ገንዘብ መስጠት አይወድም፤ «የኔ ብር ለልጆቹ ነው እንጂ ለሠራተኛ አይደለም» ይላል። እኔ በዚህ አጥብቄ ነው የምከራከረው። ሌሊት ተነስታ ሕፃኑን ጡጦ የምታጠባው፣ ትኩሳቱን የምትለካው ሞግዚቷ ናት፤ ሲያለቅስ የሚያውቀው ድምፅም የሷ ነው። ደመወዟ ሁለት ወር ሲዘገይ የራሷ ልጆች አሉና ሌላ ሥራ ፈልጋ ትሄዳለች፣ ሕፃኑም እንደገና ለማያውቀው ሰው ይሰጣል፣ ያቺም ስትሄድ ለሌላ። አንድ ሞግዚት ሳትለቅ ዓመቱን እንድትቆይ ማድረግ ከአንድ ክፍል ሙሉ መጫወቻ ይበልጣል።

ለዚህ የሚሆነው ደግሞ በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ነው። የእራት ምሽት አዘጋጁ፣ አልከለክልም፣ ግን አዳራሹ፣ ምግቡና ሙዚቀኛው ተከፍሎ የሚቀረውን አስሉት። እኛ እራቱን የምንጠቀምበት ሰው በየወሩ 20 ዶላር በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላክበት) እንዲያስገባ ለመመዝገብ ነው። በጁላይ የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ላይም ሕዝቡ አንድ ቦታ ስለሚገኝ ለምዝገባ ጥሩ ነው። ጎፈንድሚ ለድንገተኛ ሕክምና ይሁን፤ ከእያንዳንዱ ልገሳ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆርጣል፣ ገንዘቡንም በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ አይልክም፤ እዚህ ያለ ሰው ሒሳብ ውስጥ ነው የሚገባው። ሰዎች ደግሞ ከታክስ ይቀነስልናል ወይ ይሏችኋል። የሚቀነሰው በአሜሪካ ሕግ 501 ሲ 3፣ ማለትም ከታክስ ነፃ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሆኖ ለተመዘገበ ሲሰጥ ነው፤ አዲስ አበባ ላለው ቤት በቀጥታ የሚላክ አይቀነስም። ይህን ከመጀመሪያው በግልጽ ንገሯቸው።

ስትልኩም በባንክ፣ በድርጅቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይሁን፤ በሥራ አስኪያጁ የግል ሒሳብ በፍጹም። በጥቁር ገበያ የተሻለ ተመን ቢገኝ እንኳ በእጅ የሄደ ገንዘብ ኦዲት ላይ አይታይም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የምዝገባ ወረቀታቸውንና የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርት ጠይቁ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚል ቁጥሩን ማየት መብታችሁ ነው። በደንብ የሚሠራ ቤት ይህ ጥያቄ አያስቀይመውም። ከተቆጣ ሌላ ቤት ፈልጉ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። «ወላጅ አልባ» ከምንላቸው ልጆች ብዙዎቹ እናት ወይም አያት ወይም አክስት አላቸው። ማሳደጊያ ያስገባቸው ድህነት ነው። አያትየው የትምህርት ቁሳቁስና የወር አስቤዛ ብታገኝ የልጅ ልጇን ወስዳ የምታሳድግበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ቤቱን «ዘመድ ፍለጋ የሚወጣ ሶሻል ወርከር አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሌላቸው የናንተ ገንዘብ መጀመሪያ እዚያ ይግባ። የኢትዮጵያ ፓርላማ በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን ካገደ በኋላ ከጉዲፈቻ ኤጀንሲዎች ይመጣ በነበረው ገንዘብ ይተዳደሩ የነበሩ ቤቶች ተቸግረዋል፣ ዛሬ ልጅ ከቤቱ የሚወጣው ወደ ዘመዱ ወይ ወደ አገር ውስጥ ጉዲፈቻ ነው፣ ሁለቱም ክትትልና የትራንስፖርት ገንዘብ ይፈልጋሉ። ለጋሽ ግን የልጅ ቁጥር ሲበዛ ነው ደስ የሚለው። የናንተ ቡድን «ዘንድሮ ስንት ልጅ ወደ ዘመዱ ተመለሰ?» ብሎ ቢጠይቅ ቤቱም በዚያ መሥራት ይጀምራል።

18 ዓመት የሞላቸውንም አትርሱ። ሕፃን ለመርዳት ሁሉም ይሮጣል፤ ከቤቱ ለሚወጣው ወጣት ግን የኪራይ መነሻና የቴክኒክና ሙያ ክፍያ የሚሸፍን የለም። እኛ ከወር ገንዘባችን ለዚህ ለይተን እናስቀምጣለን።

ቤቱ የራሱ ገቢ እንዲኖረውም አስቡ። እማማ አበበች ጎበና ከግሸን ማርያም ሕፃናት ይዘው መጥተው ሲጀምሩ ምግብ እየሠሩ ሸጠው ነው ያሳደጓቸው። ዳቦ ቤትም ሆነ ወፍጮ፣ አንድ ጊዜ የምታሰባስቡት ትልቅ ገንዘብ ካለ እንዲህ ላለው ይሁን።

የልጆቹን ፊት ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ገንዘብ በፍጥነት እንደሚያመጣ አውቃለሁ፣ ግን ልጁ ነገ ትምህርት ቤት ገብቶ ጓደኞቹ ያንን ፎቶ ያገኙታል። ደረሰኝ፣ የተገዛውን የጤፍ ጆንያና የታደሰውን ጣሪያ ለጥፉ፤ የኛ ለጋሾች በዚህ ጠፍተው አያውቁም።

ከቤቱ ጋር የተፈራረምነው የአንድ ገጽ ስምምነት አለ፤ ምን እንደምንከፍል፣ መቼ ሪፖርት እንደሚልኩልን የተጻፈበት። ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።