ለፍኖተ ሰላሟ ደራሲ፦ ከመጽሐፉ ብዛት በፊት ቪዛሽ ላይ ያለችውን ቁጥር እዪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። «ሁለተኛ ልብ ወለዴን ይዤ ለአንድ ወር ጀርመን፣ ለንደንና ስዊድን ተጋብዣለሁ፤ ስንት መጽሐፍ ልያዝ? ጉዳይ አስፈጻሚስ ያስፈልገኛል ወይ?» ብለሻል። እኔ የደብረ ማርቆስ ሰው ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተምራለሁ። በ2017 ጥቅምትና ኅዳር ይህንኑ መንገድ ሄጄበታለሁ፤ ከተሞቹም እነዚያው ናቸው። ስለዚህ የአንቺ ጉዳይ የእኔው ነው ብዬ ልናገር። ስለ ፎቶና ስለ ፓስፖርት አልነግርሽም፤ እሱን ማንም ይነግርሻል።

አጭሩ መልስ ይኸውልሽ። መጽሐፍ 100 ያዢ። ጉዳይ አስፈጻሚ አያስፈልግሽም። አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

1. ቀኑን ከወዲሁ ቁጠሪ። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 በእኛ በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ አሠራሩን አጥብቋል። ምክንያቱ «መንግሥታችሁ ያለ ፈቃድ እዚህ የሚኖሩ ዜጎቹን ለመመለስ አልተባበረም» የሚል ነው። ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው በዚህ ውስጥ ምን አለበት? ዳፋው ግን ለሁላችንም ተረፈ። በ15 ቀን ያልቅ የነበረው የሼንገን ቪዛ (ጀርመንንና ስዊድንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለው አንድ ቪዛ) ውሳኔ ለእኛ 45 ቀን ሆነ። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነውና ያንን ተጠቀሚበት።

ለንደን ደግሞ ሼንገን ውስጥ የለችም። የራሷ ቪዛ፣ የራሷ ክፍያ አላት። ውሳኔው ብዙ ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ያለሽ ፓስፖርት አንድ ነው፤ አንዱ ቢሮ ይዞት ሳለ ለሌላው ማስገባት አትችይም። ስለዚህ ሁለቱን ጊዜ ደምሪው። የእኛን መንገድም ጨምሪበት። አሻራ የምትሰጪው አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ የሚዘጋበትን ቀን ደግሞ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። እኔ የሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ይዤ ሐሙስ ተነስቼ፣ ዓባይ በረሃን ሳልወርድ ደጀን ላይ ሁለት ሌሊት አድሬአለሁ። አንቺ ባሕር ዳር ሄደሽ በአውሮፕላን ብትገቢ ይሻልሻል። የትኬቱ ገንዘብ ይቆጫል፤ ያለፈ ቀጠሮ ግን የባሰ ይቆጫል።

2. ወረቀት። የሼንገኑ ቅጽ የጉዞሽን ዓላማ ሲጠይቅሽ «ባህል» የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ፤ «ቱሪዝም» አትበይ። የግብዣ ደብዳቤው ማን እንደሚያሳድርሽ፣ ወጪሽን ማን እንደሚችል፣ በየትኛው ቀን የት እንደምታነቢ ቁልጭ አድርጎ ይናገር። የጉዞ የጤና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። ማመልከቻው 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሉሽም አይመለስም። የባንክ ደብተርሽንም በዩሮ አስልተሽ እዪው። እኔ ለሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ገንዘብ ከሐምሌ 2016 የብር ለውጥ በኋላ በውጭ ገንዘብ ሲታይ ግማሽ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ጋባዦቼ ወጪዬን እንደሚችሉ በጽሑፍ ባያረጋግጡልኝ ኖሮ አላልፍም ነበር።

ከሁሉ የሚያደክመው ግን «ይህ ሰው ይመለሳል» የሚያሰኘው ወረቀት ነው። የሥራ ፈቃድና የድጋፍ ደብዳቤ ለማውጣት አንድ ቢሮ ዘጠኝ ቀን ተመላልሻለሁ። ስሙን አልጠራም። ኃላፊው በሰው ፊት «ልብ ወለድ ማንበብ ሥራ ነው እንዴ? ለዚህ ብለህ ነው ተማሪ ትተህ የምትሄደው?» አለኝ። በሐዲስ ዓለማየሁ አገር ተቀምጦ! አሥራ አራት ዓመት አስተምሬ አንድ ቀን በሰበቡ ቀርቼ አላውቅም። እስካሁን ያንገበግበኛል። በመጨረሻ ደብዳቤውን ያወጣችልኝ አንዲት ጸሐፊ ናት። «መምህር፣ ወንድሜን አስተምረኸዋል» ብላ ራሷ ገብታ አስፈረመችልኝ። እግዚአብሔር ይስጣት። አንቺ እንዳትንገላቺ ደብዳቤውን ራስሽ አርቅቀሽ፣ አስተይበሽ ይዘሽ ግቢ። የሚቀራቸው ፊርማና ማኅተም ብቻ ይሁን።

3. ሻንጣ። የእኔ ትኬት ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱን በ23 ኪሎ ይፈቅድ ነበር። መጽሐፌ 280 ገጽ ነው፤ አንዱ 350 ግራም ያህል ይመዝናል። መቶው 35 ኪሎ ሆነ። በቀረው ልብስና ስንቅ ያዝኩ። አንድ ዓይነት መጽሐፍ መቶ ቅጂ ግን የግል ዕቃ አይባልም፤ ስለዚህ ፍራንክፈርት ጉምሩክ ላይ ሳልደብቅ ተናገርኩ። የማተሚያ ቤቱን ደረሰኝና የግብዣ ደብዳቤውን አሳየሁ። ጀርመን በመጽሐፍ ላይ የምታስከፍለው ዝቅተኛውን ታክስ፣ 7 በመቶ ነው። ከፍዬ ደረሰኝ ተቀብዬ ወጣሁ። እናቴ ከገጠር ያስመጣችልኝን ቅቤ ግን ወሰዱብኝ። ሥጋና የወተት ውጤት ከእኛ አገር ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሽሮና በርበሬው አለፈ።

4. እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ፕሮግራሜ እንዲህ ነበር። ፍራንክፈርት፣ ሃምቡርግ፣ ለንደን፣ ተመልሶ ፍራንክፈርት፣ ከዚያ ስቶክሆልም፣ ከዚያም በፍራንክፈርት በኩል ወደ አገር ቤት። የመጀመሪያው ሳምንት በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። በጥቅምት የሚካሄደውን የፍራንክፈርት የመጽሐፍ ትርዒት አየሁ፤ በዓለም ትልቁ ነው። እዚያ መጽሐፍ እሸጣለሁ ብለሽ ግን አትድከሚ። አሳታሚዎች የትርጉምና የኅትመት መብት የሚገበያዩበት ቦታ ነው። ሁለት ገጽ ማጠቃለያና በእንግሊዝኛ የተተረጎመ አንድ ምዕራፍ ይዘሽ ብትሄጂ ይበቃሻል። እኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ባዶ እጄን ሁለት ቀን ዞርኩ።

ያቺ ከተማ ግን ለእኛ ሌላም ትርጉም አላት። ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሊቅ፣ ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ የተማረውን ይዞ፣ የአማርኛ ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1698 ያሳተመው ፍራንክፈርት ነው። የሞተውም እዚያው ነው። ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል በስሙ ይጠራል፤ አማርኛም እዚያ ይሰጣል። ሃምቡርግ ላይ ፊደላችንን አጥርተው የሚያነቡ የጀርመን ተማሪዎች ፊት አነበብኩ። የገበያውን ምዕራፍ መረጥኩላቸው፤ ንግግሩ ሁሉ በጎጃም አነጋገር ነው። አንዷ ተማሪ ስለ ሰምና ወርቅ ጠየቀችኝ። አባቴ የቅኔ ተማሪ ነበር። ስለ ጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ ስለ ዋሸራ፣ ስለ ጎንጂ፣ ስለ ዲማ አንድ ሰዓት ሙሉ ነገርኳቸው። ማንም አልተነሳም። አባቴ ቢያየኝ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ወደ ለንደን በረርኩ። ሃምቡርግ ኤርፖርት ላይ ፖሊሱ መውጫ ማኅተም መታልኝ፤ ፈገግ ብሎ «መልካም ጉዞ» አለኝ። የሼንገን ቪዛዬ በዚያች ማኅተም ማለቁን እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አላወቅኩ።

ለንደን ግሩም ነበር። በአንድ የኮሚኒቲ አዳራሽ አነበብኩ፤ 41 መጽሐፍ አለቀ። አምስት ቀን ቆይቼ ወደ ፍራንክፈርት ልመለስ ሂትሮው ሄድኩ። ትኬት ክፍሉ ያለችው ልጅ ፓስፖርቴን ገለጠች። አየች። ደግማ አየች። ከዚያ ቪዛው ላይ ጣቷን አሳረፈች። «የመግቢያ ብዛት» በሚለው ሥር «01» ይላል። አንድ ጊዜ ገብቻለሁ፤ ወጥቻለሁ፤ በቃ። የሚቆይበት ቀን ገና ነበረው። 35 ቀን የሚለውን አይቼ ነበር የተማመንኩት። ከእሱ ጎን ያለችውን ቁጥር ግን አላየኋትም።

«እሺ፣ ከፍራንክፈርት ኤርፖርት ሳልወጣ በመመለሻ ትኬቴ ወደ አዲስ አበባ ልለፍ» አልኳት። እሱም አይቻልም። ኢትዮጵያዊ እዚያ አውሮፕላን ለመቀየር እንኳ የኤርፖርት መተላለፊያ ቪዛ ያስፈልገዋል። የለንደን ቪዛዬ አላዳነኝም።

በማግስቱ አንድ ቆንስላ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ቆምኩ። በመስታወቱ ማዶ ያለው ሰው ግብዣዬን አላነበበም። «እዚህ ነዋሪ አይደለህም፤ አገርህ ገብተህ አመልክት» ብሎ መስኮቱን ዘጋው። ሰው ማለፍ ባይችል እንኳ ደብዳቤው ሊነበብለት ይገባ ነበር።

አዲስ አበባ ላለው ጉዳይ አስፈጻሚ ደወልኩ። 18 ሺህ ብር ከፍዬዋለሁ። ፕሮግራሜ ቀን በቀን፣ ከተማ በከተማ በእጁ ነበር። ከመሀል ለንደን እንዳለች ያውቃል። ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ለእኛ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ መወሰኑን ማወቅ ደግሞ ሥራው ነው። «ቪዛው ወጥቶልሃል አይደል? ከዚያ በኋላ ያለው እኔን አይመለከትም» አለኝ። ጉዳይ አስፈጻሚ አያስፈልግሽም ያልኩሽ ለዚህ ነው። ቅጹን ቁጭ ብለሽ ራስሽ ሙዪው። ልብ ወለድ የጻፈ እጅ ቅጽ መሙላት አያቅተውም።

የስቶክሆልሙ መድረክ ከሁሉም የተዘጋጁበት ነበር። አዳራሽ ተከራይተው፣ ድፎ ጋግረው፣ ማሲንቆ ተጫዋች ጠርተው። ከጋባዤ ወጥ ቤት፣ በስልክ፣ በዙም አነበብኩላቸው። ድምፄ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። አንድ የቢቸና ሰው ማይክ ይዞ «መምህር፣ ድምፅህ የአገሬን ጠረን አመጣልኝ» ሲለኝ ንባቡን መቀጠል አቃተኝ። ግን ጨረስኩት። የመመለሻ ትኬቴን ከለንደን ለማስቀየር የሦስት ወር ደመወዜ ሄደ።

አንቺ እንዲህ አድርጊ። ለንደንን መጀመሪያ ወይም መጨረሻ አድርጊያት፤ በፍጹም መሀል አታስገቢያት። መጨረሻ ካደረግሻት ትኬትሽን ፍራንክፈርት ገብተሽ ከለንደን የምትመለሺበት አድርገሽ አስቆርጪ። የእኛ አየር መንገድ ከለንደን ቀጥታ አዲስ አበባ ይበራል። ጋባዦችሽ «ቀኑ ተይዟል» ቢሉሽ እንኳ ለምኝና አስቀይሪ። ፓስፖርትሽ ሲመለስልሽ እዚያው በር ላይ ቆመሽ ቪዛውን አንብቢ። ሦስት ነገር እዪ፦ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚያገለግል፣ ስንት ቀን እንደሚያስቆይ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ።

5. ንባቡና ሽያጩ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ንግግር የበዛበትን ክፍል ምረጪ፤ የመልክዓ ምድር ገለጻ በአዳራሽ ውስጥ ሰው ያስተኛል። አነጋገርሽን ወደ አዲስ አበባ አማርኛ አታስተካክይ። እኔ ሃምቡርግም ለንደንም የተወደድኩት በዚያ ነው። የውጭ ሰዎች ካሉ ትርጉሙን አሳትመሽ በወረቀት አድይ። ለመጽሐፍሽ ዋጋ አውጪለትና በነጻ አትስጪ። ሰዉ ይገዛል፤ አንዳንዱ ለእህቱና ለጎረቤቱ ብሎ ሦስት ይወስዳል። ሒሳቡን በዚያው ምሽት ተቀበዪ። ለንደን ላይ ግን የጎብኚ ቪዛ ራስሽ ቆመሽ ለሕዝብ እንድትሸጪ አይፈቅድልሽም። ሽያጩን አዘጋጆቹ ይያዙት፤ አንቺ ፈርሚ ብቻ።

የግብዣ ደብዳቤሽንና ፕሮግራምሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ማታ ማታ ፈተና እያረምኩ ስለማመሽ ቀን በቀን አይቼ እመልስልሻለሁ። ያረቀቅኩትን የድጋፍ ደብዳቤም እልክልሻለሁ፤ ስሙን ብቻ ቀይሪበት።

አንድ ነገርም ላስቸግርሽ። ወደ ለንደን ስሄድ «እመለሳለሁ» ብዬ 36 መጽሐፍ ፍራንክፈርት፣ ያሳደረችኝ እህት ቤት ትቼ ነበር። ሃያውን በፖስታ ወደ ስቶክሆልም ላከችልኝና ሁሉም ተሸጠ። አሥራ ስድስቱ ዛሬም አልጋዋ ሥር ናቸው። ፍራንክፈርት ስትደርሺ ከአንቺ መጽሐፍ ጎን ጠረጴዛው ላይ ደርድሪልኝ።