መልስ፦ በደሴት ስለቀሩት ልጅና ጥቁር ፈረስ ፊልም
ስሙ የጠፋብዎት፣ መርከብ ሰጥሞ አንድ ልጅና ጥቁር ፈረስ ሰው በሌለበት ደሴት ብቻቸውን የሚቀሩበት ፊልም፣ በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው የዳይሬክተር ካሮል ባላርድ «ዘ ብላክ ስታሊየን» ነው። ልጁ የባሕር አረም እያቀረበ ፈረሱን የሚያላምድበት ክፍል ንግግር የለውም ማለት ስለሚቻል፣ እንግሊዝኛ የማይሰሙት ልጆችዎ ያለ ትርጉም ይከታተሉታል፤ ለእኔማ ከመጨረሻው የፈረስ እሽቅድድም የሚበልጠው ይኸው ክፍል ነው።

ከማስጫንዎ በፊት ግን ዓመቱን ያረጋግጡ። እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ በፍላሽ ያስጫንኩት በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው ተከታዩ ሆኖ ተገኝቶ፣ ልጆቼ «ደሴቱ የታለ?» እያሉ አመሹ። መርከቡ ሲሰጥም የልጁ አባት ስለሚሞት፣ ትንንሾቹ ሲያዩት አብረዋቸው ይቀመጡ።