26.7 ያመጣሽው ክሎሪኑን በ35.5 አካፍለሽ ነው

«5.4 ግራም አሉሚኒየም ከ14.2 ግራም ክሎሪን ጋዝ ጋር ቢዋሃድ ስንት ግራም አሉሚኒየም ክሎራይድ ይገኛል? እኔ 26.7 አመጣሁ፣ መልሱ ግን 17.8 ይላል» ላልሽው እህቴ፦ መልሱ ልክ ነው፣ መጽሐፉን አትጠርጥሪ።

1ኛ. ባላንስ፦ 2 አሉሚኒየም + 3 ክሎሪን ጋዝ → 2 አሉሚኒየም ክሎራይድ። እዚህ ችግር እንደሌለብሽ ከሥራሽ ያስታውቃል፤ እንለፈው።

2ኛ. ግራሙን ወደ ሞል (የአተም ወይም የሞለኪውል ብዛት መለኪያ) ለመቀየር፣ ግራሙን ለአንድ ሞል ክብደት አካፍዪ። አሉሚኒየም 5.4 ÷ 27 = 0.2 ሞል። ጣጣው ክሎሪኑ ላይ ነው። ክሎሪን ጋዝ ሁለት ሁለት አተም ተጣምሮ ስለሚገኝ የሚካፈለው በ71 (2 × 35.5) ነው፦ 14.2 ÷ 71 = 0.2 ሞል። በ35.5 ካካፈልሽው 0.4 ሞል ይወጣል። ያኔ ክሎሪኑ የተረፈ ይመስልሻል፤ አሉሚኒየሙ ቀድሞ አለቀ ትያለሽ፤ 0.2 × 133.5 (የአንድ ሞል አሉሚኒየም ክሎራይድ ክብደት፣ 27 + 3 × 35.5) ብለሽ 26.7 ላይ ታርፊያለሽ። ጥያቄ አውጪዎችም ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ 26.7ን ከምርጫዎቹ መሀል የሚያስቀምጡት በከንቱ አይደለም። ሃይድሮጅን፣ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ፍሎሪን፣ ክሎሪን፣ ብሮሚን፣ አዮዲን፦ ሰባቱም ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ሳይዋሃዱ ሲመጡ ጥንድ ናቸው።

3ኛ. ሊሚቲንጉ፣ ማለትም ቀድሞ አልቆ የምርቱን መጠን የሚወስነው፣ የቱ ነው? ሁለቱም 0.2 ሞል ስለሆኑ «እኩል ያልቃሉ» የሚል አይጠፋም። «ግራሙ ያነሰው ነው ቀድሞ የሚያልቀው» እያሉ የሚያስጠኑማ ተማሪ ይጎዳሉ፤ እዚሁ ጥያቄ ላይ ግራሙ ያነሰው አሉሚኒየም ነው፣ የሚተርፈውም እሱ ነው። እያንዳንዱን ሞል በራሱ ኮፊሸንት (ባላንስ ስናደርግ ፊቱ ባስቀመጥነው ቁጥር) አካፍዪ፦ አሉሚኒየም 0.2 ÷ 2 = 0.1፣ ክሎሪን 0.2 ÷ 3 = 0.067 ገደማ። ያነሰው ክሎሪን ነው፤ ሊሚቲንጉ እሱ ነው። 0.067 ግን ለማወዳደር ብቻ ነው፣ ወደ ቀጣዩ ስሌት ይዘሽው እንዳትገቢ።

ቀጥሎ ከክሎሪኑ 0.2 ሞል ተነሺ፦ 0.2 × 2 ÷ 3 × 133.5። መሀል ላይ 0.13 ብለሽ ካጠጋጋሽ 17.36 ይመጣና ምርጫው ውስጥ ስታጪው ትደነግጫለሽ። ካልኩሌተር ከሌለሽ መጀመሪያ 133.5ን ለ3 አካፍዪ፣ 44.5 ይሆናል፤ በ0.4 ስታባዢው 17.8፣ ቁርጥ ያለ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘላት ነገር። የጀመርሽው በ5.4 + 14.2 = 19.6 ግራም ነው። ከ19.6 ግራም 26.7 ግራም ሊወጣ አይችልም! ይህን ብቻ ብታዪ ኖሮ የራስሽን መልስ ራስሽ ትጥዪው ነበር። ትክክለኛውንም በዚሁ ፈትኚው፦ ያለቀው አሉሚኒየም 0.2 × 2 ÷ 3 × 27 = 3.6 ግራም ነው፤ ከ5.4 ላይ 1.8 ይተርፋል፤ 17.8 + 1.8 = 19.6።

በዚያው ጥያቄ ሥር «በተግባር የተገኘው 15.13 ግራም ቢሆን ፐርሰንት ዪልዱ ስንት ነው?» የሚል ከተከተለ፣ በተግባር የተገኘው በስሌት ከመጣው ስንት በመቶ ነው ማለት ነው፤ የምታካፍዪው ለ17.8 እንጂ ለ19.6 አይደለም። 85 በመቶ ይመጣል።