መልሕቅ ማንሻ፦ ሃይድሮሊክ ወይስ ኤሌክትሪክ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ መልሕቅ ማንሻ፣ በዘይት ግፊት ስለሚሠራው (ሃይድሮሊክ) እና በኤሌክትሪክ ስለሚሠራው፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ 11 ሜትር የሸራ ጀልባ አለኝ። ሁሉም ሰው "ሃይድሮሊክ ግዛ፣ ጉልበታም ነው" ይለኛል። ልግዛ?

አትግዛ። ጉልበቱ እውነት ነው፤ ግን የምትገዛው ማንሻውን ብቻ አይደለም። ፓምፕ አለ፣ የዘይት ታንከር አለ፣ ቫልቭና ማጣሪያ አለ፣ ከሞተር ክፍሉ እስከ ጀልባው ፊት የሚዘረጋ ቱቦ አለ። ለአንድ ማንሻ ብሎ ይህን ሁሉ መግጠም ጣጣ ነው። ጀልባህ ላይ ለሌላ ሥራ የተገጠመ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ካለ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መረብ የሚስብ ወይም ጀልባዋን ወደ ጎን የሚገፋ ሃይድሮሊክ ካለህ፣ ፓምፑ እስከቻለ ድረስ ማንሻውን እዚያው ላይ ቀጥልበት።

ጥያቄ፦ ታዲያ የሥራ ጀልባዎች ለምን ሃይድሮሊክ ይወዳሉ?

ቀኑን ሙሉ ስለሚያነሱና ስለሚጥሉ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ለጥቂት ደቂቃ ሥራ የተሠራ ነው፤ ከዚያ ማረፍ ይፈልጋል። ትልቁ ልዩነት የሚታየው ግን መልሕቁ አለት ሥር ሲወተፍ ነው። ሃይድሮሊኩ አልችል ሲል የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ይከፈትና ዘይቱ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ማንሻው ይቆማል፣ የሚቃጠል ነገር የለም። የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን መዞር ሲያቅተው የሚስበው አምፔር ይንራል፣ ሙቀቱም አብሮ።

ይህን በራሴ ኪስ ነው የተማርኩት። የተያዘ መልሕቅ በማንሻው እነቅላለሁ ብዬ ቁልፉን ተጭኜ ቆምኩ። መጀመሪያ ድምፁ ወፈረ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተኝ። መልሕቁ እዚያው፣ የማንሻው ሞተር ወደ ሽቦ ጠምዛዥ! የተወተፈ መልሕቅ የሚነቀለው በጀልባው ሞተር ነው። ሰንሰለቱን አሳጥረህ እሰረው፣ ቀስ ብለህ ወደፊት ንዳ።

ጥያቄ፦ ስንት ኪሎ የሚስብ ልምረጥ?

በልምድ የሚሠራበት ስሌት አለ፤ መልሕቁንና ሰንሰለቱን በሙሉ መዝነህ በሦስት ማባዛት። 10 ሚሊ ሜትር ሰንሰለት በሜትር 2.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 50 ሜትር ካለህ 115 ኪሎ፣ መልሕቁ 25፣ ድምሩ 140። በሦስት ሲባዛ 420 ኪሎ። "10 ሜትር ጥልቀት ላይ እኮ የሚንጠለጠለው 50 ኪሎም አይሞላም" ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ። ትርፉ ለነፋሱና ለጭቃው ነው።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪኩ ባትሪዬን አይጨርሰውም?

እህቴ፣ ስጋትሽ ባትሪው ላይ አይሁን፣ ገመዱ ላይ ይሁን። 100 አምፔር ለ5 ደቂቃ ቢስብ 8 አምፔር-ሰዓት ያህል ነው፤ የጀልባሽን ሞተር አስነስተሽ ከሆነ ደግሞ ዲናሞው እያገዘ ነው። ጉዱ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ባትሪው ከኋላ፣ ማንሻው ከፊት፤ መሃላቸው 10 ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ 20 ሜትር ነው። ገመዱ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ በ100 አምፔር ከ12 ቮልቱ 2 ቮልት የሚያህለው መንገድ ላይ ይቀራል። በ35 ካሬ የሚጠፋው 1 ቮልት ብቻ ነው። "ማንሻዬ ደከመ" የሚሉኝ ሰዎች ዘንድ ስሄድ ብዙውን ጊዜ የማገኘው ቀጭን ገመድ ወይም አረንጓዴ ዝገት የያዘው ተርሚናል ነው።

ጥያቄ፦ 24 ቮልት ይሻላል?

ጀልባው 24 ከሆነ፣ አዎ። ለዚያው ሥራ የሚስበው አምፔር በግማሽ ይቀንሳል። ለማንሻው ብለህ ሁሉን አትቀይር።

ጥያቄ፦ የጀልባው ሞተር ቢጠፋብኝስ?

ፓምፑ በጀልባው ሞተር የሚዞር ከሆነ ሃይድሮሊኩም አብሮ አለቀለት። በባትሪ የሚዞር ፓምፕም አለ፤ ግን ያው ከባትሪና ከገመድ ጣጣ አላመለጥክም። የኤሌክትሪኩ ባትሪው እስካለ ይሠራል። የትኛውንም ብትገዛ የእጅ መዘወሪያ ይኑረው። መዘወሪያውን ደግሞ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር አትቅበረው።

ጥያቄ፦ የትኛው ጥገና ይበዛበታል?

ሁለቱም የየራሳቸው አመል አላቸው። ኤሌክትሪኩ ካርቦን (ለሚዞረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ቁራጭ) ይጨርሳል፣ ውሃ ይጠላል። ሃይድሮሊኩ ውሃ ብዙም አይገደውም፤ ግን ቱቦው ያረጃል። አንዴ ከፈነዳ መርከብ አጣቢ ነው የምትሆነው። ዘይቱ ባሕር ውስጥ ከገባ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው።

ጥያቄ፦ ሌሊት ሰንሰለቱ ማንሻው ላይ እንደታሰረ ባድርስ?

በፍጹም! ጀልባዋ በማዕበል በተወዛወዘች ቁጥር ጉተታው ቀጥታ የማንሻው ጥርስና ዘንግ ላይ ያርፋል። የሚለጠጥ የናይለን ገመድ በመንጠቆ ሰንሰለቱ ላይ ያዝ፣ ሌላውን ጫፍ ከጀልባው ማሰሪያ ጋር እሰር፣ ከዚያ ሰንሰለቱ እስኪላላ ልቀቅ። ሃይድሮሊክም ሆነ ኤሌክትሪክ፣ ሌሊቱን ያርፍ።