ገመድ በጥሶ ለዞረው ሴስና፦ ክንፉን ሳይሆን የጅራቱን ራደር እዩ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላየ ሰው ባጭሩ ልድገመው፦ ባሕር ዳር ማረፊያ ላይ ውጭ ያደረ ሴስና 172 (ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን) በማታ ነፋስ የግራ ክንፉን ገመድ በጥሶ ዞሯል። የክንፉ ጫፍ አጠገቡ ከቆመ መሰላል ጋር ተጋጭቶ ተሰንጥቋል፤ ራደሩም (ጅራቱ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረው ተንቀሳቃሽ ክፍል) «ትንሽ ከበድ ይላል»። መካኒካችሁ ጫፏን ቀይረን አዲስ አበባ ድረስ እናብረውና እዚያ ይታይ ብሏል። አንተ ደግሞ ኢንሹራንሱ እንዴት እንደሚሆንና ለወደፊቱ በምን እንደሚታሰር ጠይቀሃል።

በመጀመሪያ፣ አታብሩት።

1. የክንፉ ጫፍ በትንንሽ ብሎን የተያዘ ክዳን ነው፤ መቀየሩ ቀላል ነው። ዓይን የሚገባው ስብራት እሱ ስለሆነ ሰው ሁሉ እዚያው ይቆማል። የምቱ ጉልበት ግን አምስት ሜትር ተኩል በሚሆን ክንፍ በኩል አልፎ ሥሩ ላይ ነው የሚያርፈው። ክንፉና ገላው የሚገናኙበትን ሽፋን ፍቱና የኋላውን ማያያዣ ብሎን ተመልከቱ። እዚያ ያሉት ቡሺንጎች (ብሎኑ የሚያልፍባቸው የብረት ቀለበቶች) ቀዳዳቸው ከመሃል ወጣ ያለ ነው፤ የክንፉ አቀማመጥ የሚስተካከለው እነሱን በማዞር ነው። ከቦታቸው ከዞሩ ቀለሙ ላይ አዲስ ጭረት ይታያል። እንዲህ የሆነ አውሮፕላን ቢነሳ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ አብራሪውም መንገዱን ሙሉ ሲታገለው ይውላል።

ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ ይኼን ነው፦ ከተበጠሰው ገመድ ይልቅ ያልተበጠሰውን ፈትሹ። የግራው ሲለቅ አውሮፕላኑ የዞረው የቀኙንና የጅራቱን ገመድ ይዞ ነው፤ ስለዚህ ጉልበቱን የተቀበሉት የቀኝ ክንፍ ማሰሪያ ቀለበትና የጅራቱ ቀለበት ናቸው። የጅራቱን ላሜራ ሲመሽ ባትሪ ከጎን አስጠግታችሁ አብሩበት፤ ቀን የማይታይ እጥፋት ያን ጊዜ ጥላ ይጥላል። ዙሪያውን ቀለሙ እንደ ቀለበት የተሰነጠቀ ሪቬት (ላሜራውን የያዘ የተደፈጠጠ ምስማር) ካገኛችሁም ላሜራው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።

2. «ትንሽ ከበድ ይላል» ያልከው ራደር ነው ከሁሉም የሚያስፈራኝ። ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ራደሩን ከዳር ዳር ያላጋዋል፤ በየጊዜው የሚያቆመው መቆሚያው ስለሆነ ወይ መቆሚያው ይታጠፋል፣ ወይ ኬብሉ የሚያያዝበት ቀንድ ይጣመማል። 172 ላይ ፔዳሉ ከፊት ጎማው መሪ ጋር በስፕሪንግ ስለተያያዘ መሬት ላይ ሁልጊዜም ከበድ ይላል፤ «ድሮም እንዲህ ነው» የሚባለው ለዚህ ነው። በፔዳል አትፈትኑት። ኬብሎቹን ከቀንዱ ላይ ፍቱና ራደሩን በእጃችሁ ከዳር ዳር አመላልሱት። መፋቅ፣ መቆርቆር፣ አንድ ቦታ ላይ መያዝ ካለ ማጠፊያው ወይም ቀንዱ ተበላሽቷል። ከዚያ የመዞሪያ አንግሉን ለኩ፤ ለ172 በየጎኑ 16 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ (ደቂቃ የዲግሪ 60ኛ ነው) ነው፣ ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። የናንተን ሞዴል ከፋብሪካው ሰነድ ላይ አረጋግጡ። በታናናሾቹ በ150 እና በ152 ላይ ራደሩ መቆሚያውን አልፎ እዚያው እየተቆለፈ ሰው ስለገደለ የአሜሪካው አቪዬሽን ባለሥልጣን በ2009 እ.ኤ.አ. የግዴታ ትእዛዝ አውጥቶበታል። በዓባይ ሸለቆ ላይ ራደር ቢያዝባችሁ የምታርፉበት ሜዳ የለም።

የመሪውን ዘንግ ቆልፈን ነበር ብለሃል። ጥሩ አድርጋችኋል፤ ግን ያ ቁልፍ ራደሩን አይይዝም። ኤለሮኑንም (ክንፉ ጀርባ ጫፍ አካባቢ ያለውን ተንቀሳቃሽ ክፍል) ቢሆን በኬብል በኩል ነው የሚይዘው፤ ነፋሱ ውጭ ሲደበድበው ኬብሉና ክንፉ ውስጥ ያለው ማዞሪያ ናቸው የሚጎዱት። እነሱንም ክፈቱና እዩ።

3. ፕሮፔለሩ መሰላሉን ወይም መሬቱን ነክቷል? «ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበር ምንም አይደለም» የሚል ሰው ካለ አትስሙት። በሞተር አምራቹ በላይካሚንግ መመሪያ፣ ሞተሩ ቢዞርም ባይዞርም፣ ቀላል ሞረድ ከማድረግ ያለፈ ጥገና የሚፈልግ የፕሮፔለር ጉዳት ሁሉ እንደ ግጭት ይቆጠራል፤ ሞተሩም መፈተሽ አለበት። የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያውም በንቅናቄው ተነስቶ ሊሆን ስለሚችል ሬዲዮውን የአደጋ ጊዜ ሞገድ በሆነው 121.5 ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ። እየጮኸ ከሆነ ከማጥፋታችሁ በፊት ለበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ንገሩ።

4. ወረቀቱ። ሰው እዚህ ላይ ነው ገንዘቡን የሚያጣው፣ ስለዚህ በደንብ ልንገርህ። ምንም ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፎቶ ይነሳ፤ ግን ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት የማረፊያውን ጥበቃ በጽሑፍ አስፈቅዱ፤ አለዚያ ስልኩም ፎቶውም ይወሰድባችኋል። የተበጠሰውን ገመድ ሁለቱንም ጫፍ አስቀምጡ። ከዚያ አንዱ ቢሮ «ይሄ አደጋ አይደለም፣ እኛን አይመለከትም» ብሎ ፊት ይነሳችኋል፣ ሌላው የመጀመሪያውን ደብዳቤ አምጡ ይላል። የመጀመሪያው ቢሮ ሰው አነጋገሩ ቢያስጠላም በትርጉሙ ልክ ነው፦ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (አይካኦ) አባሪ 13 አደጋ የሚባለው ሰው ለመብረር ከተሳፈረበት እስከ ወረደበት ባለው ጊዜ የደረሰው ነው። ቆሞ ያደረ አውሮፕላን እዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የአደጋ ምርመራ ሪፖርት ፍለጋ አትንከራተቱ። የሚያስፈልጋችሁ ለአየር ብቁነት ክፍሉ (አውሮፕላን ለመብረር ብቁ መሆኑን ለሚያረጋግጠው) የሚጻፍ የጉዳት ማስታወቂያ ነው። አውሮፕላኑ በጎረቤት አገር የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ለመብረር ብቁ ነው አይደለም ብሎ የሚወስነው የተመዘገበበት አገር ነው፤ ያለዚያ ወደ ጥገና የሚያደርሰው ልዩ ፈቃድም አይገኝም።

የሚቲዎሮሎጂው ማስረጃ ላይ ተጠንቀቅ። «የዕለቱን የነፋስ ፍጥነት ስጡን» ብለህ ከጠየቅህ የቀኑን አማካይ ይጽፉልሃል፤ ያን ቁጥር ያየ ኢንሹራንስ «ይሄ ነፋስ እንኳን አውሮፕላን ጃንጥላ አይገለብጥም፣ አሳሰራችሁ ነው» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። መጠየቅ ያለብህ የማረፊያውን የአቪዬሽን ምልከታ ነው፣ በሰዓት ተለይቶ፣ ከሽውታው (ለአፍታ ድንገት የሚበረታው ነፋስ) ፍጥነት ጋር። እዚያም ቢሆን ዋናው ቁጥር የ10 ደቂቃ አማካይ ነው፤ ሽውታው የሚጻፈው አማካዩን በ10 ኖት (በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ) ወይም ከዚያ በላይ ሲበልጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ነጎድጓድና ድንገተኛ ነፋስ ተመዝግቦ እንደሆነም አብረህ ጠይቅ።

አውሮፕላኑን ለማንሳት ለምን ሽውታው ብቻ ይበቃል ካልክ ስሌቱ ይኸው። ሙሉ ጭነቱን 1,043 ኪሎ ይዞ ይሄ ክንፍ በ50 ኖት አካባቢ ይሸከመዋል። ባዶውን 650 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለሱ 40 ኖት ይበቃል፤ በባሕር ዳር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ 44 ገደማ በለው፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አፍንጫው ቀና ካለ ይሄ ነፋስ ያነሳዋል፤ የግንቦት ማታ ነጎድጓድ ደግሞ ይሄን ያህል ያመጣል። ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ስለሚመጣ አፍንጫውን ወደ ሐይቁ አድርጎ ማቆም ደህና ነው፤ የማታው ግን ከደመናው ሥር ተደፍቶ ወደየአቅጣጫው የሚበተን አየር ስለሆነ ከየት እንደሚመጣ አታውቅም። ሦስቱም ቀለበት እኩል መታሰር ያለበት ለዚህ ነው።

መሬቱን በተመለከተ፦ ለባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን እያንዳንዱ ማሰሪያ 1,360 ኪሎ ያህል፣ ማለትም 13 ኩንታል ተኩል፣ ሳይነቀል መያዝ አለበት። ኮንክሪት የተሞላ የመኪና ጎማ አንድ ኩንታል እንኳ መሙላቱ ያጠራጥራል። የ200 ሊትር በርሜል ኮንክሪት ሞልተህ 4.8 ኩንታል ነው፣ አይበቃም። በየጎኑ 85 ሳንቲም የሆነ ኮንክሪት ከ14 ኩንታል በላይ ይመዝናል፤ ከመፍሰሱ በፊት ባለ 16 ፌሮ አጥፈህ ቀለበት አድርገህ ከታች እስከ ላይ አስገባበት፣ መሬት ውስጥም ቅበረው። ችንካር መረሬ አፈር ላይ አትመን፤ በበጋ ተሰንጥቆ ይለቀዋል፣ በክረምት እንደ ቅቤ ይለቀዋል።

ገመዱ ናይለን ይሁን። የቃጫ ገመድ ወጨፎ ሲመታው እያጠረ ማሰሪያውን ይስባል፣ ሲደርቅ ይላላል። ከቀለበቱ ወደ መሬት 45 ዲግሪ ገደማ ይውረድ፣ ሁለት ሳንቲም ተኩል ያህል መላወሻ ይተውለት። በክንፉ ድጋፍ ዘንግ ላይ የሚያስሩ አሉ፤ ዘንጉ ይታጠፋል። ጎማውን በፊትም በኋላም በታኮ ያዙ፣ ፍላፑን (ለማረፍ ከክንፉ ጀርባ የሚዘረጋውን) ሰብስቡ፣ ራደሩን ከውጭ በሚጠለቅ መቆለፊያ ያዙት፣ ነዳጁን ሙሉ፤ ሙሉ ታንክ ከአንድ ኩንታል በላይ ክብደት ይጨምራል። መሰላልና ጋሪ ደግሞ ከክንፉ ርዝመት በላይ ይራቅ። ናይለኑን ፀሐይ ስለሚበላው ጫፉ ነጥቶ መፈልፈል ሲጀምር ለሌላ ሥራ አውሉት፣ ለአውሮፕላኑ አዲስ ግዙ።